ሳውዝ ፓርክ፣ ማርቪንና የአናናሱ ቆርቆሮ

ስለ ሳውዝ ፓርክ፣ ስለ አሜሪካኖቹ የአዋቂዎች ካርቱን፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ክር አነበብኩ፣ ሰው በየተራ የሚጽፍበት ውይይት ማለት ነው፣ እያንዳንዱ መልስ ቁጥር አለው። ክሩን የከፈተው ልጅ፣ ቁጥር 1 ማለት ነው፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም ነው የገባው። ሳውዝ ፓርክ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲዝኖች ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በካርቱን የተሠራ ዜና ነው ይላል። ያኔ ነገሩ በእጅ የሚሠራ ነበር፣ በወረቀት፣ በመቀስና በሙጫ። አራት ልጆች ኮሎራዶ ተራራ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ በረዶ ላይ ቆመው አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ አንዱ፣ ኬኒ፣ ይሞታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይመጣል። አለቀ። ዛሬ ግን የሳምንቱ ፖለቲካ ምን እንደነበር ካላወቅክ ቀልዱ አይገባህም ብሎ ያማርራል። መጨረሻ ላይ ነው ዋናውን ጥያቄ የጣለው። ኢትዮጵያዊው ልጅ የመጣበትን ክፍል ያያችሁ አበሾች፣ ሳቃችሁ ወይስ ተናደዳችሁ? እሱ እንባው እስኪፈስ ስቋል። ሐቁን ተናገሩ ብሎ ወጣ።

ቁጥር 2 እኔም ስቄአለሁ ብሎ በአንድ መስመር አለፈ። ቁጥር 3 ደግሞ የእህቱ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ፊልሙ ይሆነዋል ወይ ብሎ በየዋህነት ጠየቀ። ቁጥር 4 ሦስት ጊዜ አይሆንም ብላ ጻፈች። እንደ ብዙዎቻችን አባባ ተስፋዬን እያየች ነው ያደገችው። ስዕል ከተንቀሳቀሰ የልጆች ነው ብላ ለታናሽ ወንድሟ ከፍታለት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሪሞቱን ፍለጋ ሶፋ ገልብጣለች። ይህን ክር አንብቤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 5 በጣም ጨዋ ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ ቁጥር 1ን ያርማል። በወረቀት ተቆርጦ የተሠራው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 1997 ኮሜዲ ሴንትራል በሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ የወጣው። እሱን ለመጨረስ ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በኮምፒውተር ነው። ሆን ብለው ግን ወረቀት አስመሰሉት፣ እጁ እንዲንገጫገጭ፣ አፉ እንዲዘል። ውድ ማሽን ገዝቶ ርካሽ ለመምሰል መልፋት ራሱ የቀልዱ አካል ነው ይላል። ቀጥሎም ወደ ኋላ ሄደ። የካርቱኑ ፈጣሪዎች ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ በ1992 አንድ አጭር ፊልም ሠሩ። በ1995 አንድ የፎክስ ቴሌቪዥን ኩባንያ ኃላፊ ለወዳጆቹ የሚልከው የገና ካርድ በቪዲዮ ሥሩልኝ አላቸው። ያ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ተቀዳ፣ እንደገና ተቀዳ፣ በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ካሴት ከካሴት እየቀዳ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። አራተኛው ቅጂ ላይ ፊቱ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ እኛ ግን እናየዋለን።

ቁጥር 6 ክሩን የከፈተው ልጅ ነው፣ ትንሽ ተቆጥቶ ተመለሰ። ወረቀትም ሆነ ኮምፒውተር ዓይኔ ያየው ያው ነው ይላል። ይህን ቁጥር 7 አልለቀቀለትም። የመጀመሪያው ሲዝን ከፈስና ከስድብ ሌላ ምን አለው? ትዝታህን ነው የወደድከው፣ ጥርስህ ያልረገፈበትን ዘመን፣ ብሎ ወረደበት። ከባድ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም።

ቁጥር 8 ጠባሳውን ይዞ መጣ። አንደኛው ሲዝን 13 ክፍል ሆኖ ሲያልቅ ከአራቱ ልጆች የአንዱ፣ የካርትማን፣ አባት ማን ነው በሚል ጥያቄ አንጠልጥለውን ሄዱ። ሁለተኛው ሲዝን በ1998 ሚያዝያ 1 ቀን ይጀምራል ተባለ። ልጁ የቤት ሥራውን ጨርሶ፣ ወንድሙን አባብሎ፣ ቴሌቪዥኑን ተቆጣጥሮ ተቀመጠ። የመጣው ግን ቴራንስና ፊሊፕ የሚባሉት ሁለት ፈሳም ካናዳውያን ብቻቸውን የሠሩት ግማሽ ሰዓት ነው። የሞኞች ቀን ቀልድ መሆኑ ነው። መልሱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰውየው እስከ ዛሬ አልበረደለትም። እንዲያውም የአባትየው ነገር ራሱ በኋላ ሲዝን ላይ ተገለበጠ ብሎ ሁለተኛ ቁጣ ይጨምርበታል።

ከዚያ ቁጥር 9 መጣች፣ ክሩም መልኩን ቀየረ።

ሚኒሶታ ነው ያደገችው። በ1997 መጸው ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ኢትዮጵያዊው ልጅ የመጣበት የካርቱኑ ክፍል የወጣው ረቡዕ ማታ ነው፣ በእነሱ ኅዳር 19፣ በኛ ኅዳር 10 ቀን 1990። እሷ አላየችውም፣ ቤታቸው ኬብል አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ስትወጣ ከኋላ ወንበር ያሉት ወንዶች ምላሳቸውን ያጮሁ ጀመር። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ዞር ብላ አየች። ማንን እንደሆነ አልገባትም። ምሳ ሰዓት ላይ ስሟ ማርቪን ሆኖ ነበር። የካርቱኑ ልጅ ስም ስታርቪን ማርቪን ነው፣ የተራበው ማርቪን እንደማለት፣ በእንግሊዝኛ ቤት ይመታል፣ ስለዚህም አይረሳም። እስከ ሰኔ ድረስ ተጠራችበት።

ያደረገችውን ስትነግረን ነው ያቆምኩት፣ ስልኩን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። እናቷ የምትቋጥርላትን ፍርፍር ቦርሳዋ ውስጥ ትታ የትምህርት ቤቱን ምሳ መብላት ጀመረች። አንድ ትሪ አይደለም፣ ሁለት። ሳይርባት። ወንዶቹ እያዩ፣ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻዋ ድንች። የተራበች እንዳይሏት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ፍርፍሩን እናቷ እንዳታዝን ትበላዋለች። ዓመቱ ሲያልቅ ጉንጯ ሞላ። ቤት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ አሜሪካ ተስማማት፣ ይቅናት እያለ መረቀ።

ቁጥር 10 አይዞሽ እህቴ አለ። ቁጥር 11 ግን አዝኖ አዝኖ መጨረሻ ላይ ወደ ክርክር ገባ። ጥፋቱ የልጆቹ እንጂ የካርቱኑ አይደለም ባይ ነው። ታሪኩን አስታወሰን። አራቱ ልጆች ገንዘብ የሚልኩት ለድሃ አዝነው አይደለም፣ በነጻ የስፖርት ሰዓት እናገኛለን ብለው ነው። በስህተት ሰዓቱ ቀርቶ ልጅ መጣላቸው። ካርትማን እንደ ቡችላ ስም አወጣለት። ልጁን ሊመልሱ የመጡት የመንግሥት ሰዎች አሳስተው ካርትማንን ኢትዮጵያ ወሰዱት። እዚያ ሆዱ ሲጮህ ያገኘው ምንድን ነው? የእርዳታ ማስታወቂያ ላይ የምናውቃት ተዋናይት፣ ሳሊ ስትራዘርስ፣ በካርቱኑ ውስጥ ምግቡን ለራሷ ደብቃ ትበላለች። ከተማው ደግሞ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ከተፈለፈሉ ጭራቅ ተርኪዎች ጋር ይዋጋል፣ ተርኪ ዶሮ የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው። የኬኒ ቤተሰብ፣ የከተማው ድሆች፣ በእርዳታ አንድ ቆርቆሮ ፎሶልያ ይሰጣቸውና መክፈቻ የላቸውም። የሚሰደበው ማን ነው ታዲያ? ሰምና ወርቅ ነው ይላል ቁጥር 11። ሰሙ የኛ ረሃብ ነው፣ ወርቁ የእነሱ ስግብግብነት።

ቁጥር 12 አንዲት ሴት ናት፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈች። ወርቁን እነሱ ወስደው ከሆነ ሰሙ እየነደደ የተንጠባጠበው ሰባተኛ ክፍል አውቶቡስ ውስጥ ባለች ልጅ ላይ ነው አለች። ለዚህ ማንም በቀጥታ አልመለሰም። ቁጥር 11 ራሱ ልብ የምትመስል ምልክት ትቶ ዝም አለ።

ቁጥር 13 የጠየቀው የቋንቋውን ነገር ነው። ለምንድን ነው ማርቪን ምላሱን እያንጣጣ የሚያወራው? የት ሀገር አማርኛ ነው? ቁጥር 14 ፈረንጅ ጰ፣ ጸ፣ ጨ ስንል እንደዚያ ነው የሚሰማው አለና ተረታ። ቁጥር 15 ቋንቋ ያጠና ይመስላል፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው። ጰ እና ጸ አየር በጉሮሮ ተዘግቶ ወደ ውጭ የሚፈነዳባቸው ድምፆች ናቸው። ማርቪን የሚያወጣው አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚንጣጣውን ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በቃል ውስጥ ገብቶ የሚያገለግለው ደቡባዊ አፍሪካ ባሉ ቋንቋዎች፣ ታንዛኒያ ውስጥ በሃድዛና በሳንዳዌ፣ ኬንያ ውስጥ ደግሞ በዳሃሎ ነው። አንድ ካርታ ሳያዩ ሀገር ሳሉ ማለት ነው ብሎ ቁጥር 14ንም ካርቱኑንም በአንድ ጥፊ መታ። ቀጥሎ ያለው ግን ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ነው። እኛም ብንሆን እንዲህ ያለ ድምፅ አለን ይላል፣ ቃል ግን አይደለም። ከንፈር መምጠጥ ነው። ለሰው ስናዝን፣ መርዶ ስንሰማ፣ የወደቀ ስናይ የምናወጣት ጪጭ። ካርቱኑ የሚታዘንለት ልጅ አፍ ውስጥ የከተተው እኛ ለሌላ ሰው የምናዝንበትን ድምፅ ነው። ይህን የሠሩት ሰዎች አያውቁትም። እኔም እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም።

ቁጥር 16 ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። በ77 ከአሰብ ወደብ እህል ጭነው በደሴ፣ በወልዲያ አድርገው ኮረም የሚያራግፉ ሾፌር ነበሩ። አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ናቸው። ልጃቸው ካርቱኑን አሳይቷቸዋል። እንደተጠበቀው አልተቆጡም። የገረማቸው አሸዋው ነው። ካርትማን የወረደበት ሀገር ዛፍ የለው፣ ኮረብታ የለው፣ ፀሐይ ብቻ። ኮረም ደጋ ነው፣ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ሰው የሚያልቀው ረሃቡ ከብርዱ ጋር ሲደመርበት ነው። ማይክል በርክ የሚባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 ለዓለም የታየው፣ ሲጀምር ያለው ንጋት ነው፣ ጉም ነው፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ነው። ከዚያ ለረሃቡ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የተዘፈነው ዘፈን መጣ፣ በሐምሌ 1985 ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ድግስ መጣ። ያንን ሁሉ ያየ ሰው ከ12 ዓመት በኋላ አቧራውን ብቻ እንዴት ያስታውሳል ብለው ጠየቁ። ለነዳጅ በቆሙበት ጠዋት የመኪናው መስተዋት ላይ ውርጭ ይፍቁ እንደነበር ጨመሩ። በምን ይፍቁ እንደነበርም ነገሩን፣ በኪስ ማበጠሪያ።

ቁጥር 17 እና 18 ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ይጻፉ እንጂ እያሉ ለመኗቸው። ቁጥር 19 ካርቱንና ኮረም ምን አገናኘው አለ። ቁጥር 20 የደርግን አሥረኛ የአብዮት በዓል አነሳ፣ መስከረም 1977፣ ሕዝብ እያለቀ የተደገሰውን። ቁጥር 21 ሌላ ዘመን ጠቅሶ መለሰ። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አወያዩ በቁጥር 22 መጥቶ ወደ ኬኒ ተመለሱ ብሎ ለመነ። ሦስት መልሶች ተሰርዘዋል፣ ቁጥራቸው እንኳ አልቀረም።

ወደ ኬኒ አልተመለሱም። ቁጥር 23 ተርኪ ዶሮ ወጥ ይወጣዋል ወይ ብላ ጠየቀች። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከዚህ የበለጠ የተሟሟቀ ክርክር አልነበረም። ቁጥር 24 ሥጋው ደረቅ ነው፣ ሽንኩርቱን እጥፍ አቁላዪ አላት። ቁጥር 25 ዶሮ 12 ብልት ነው፣ ተርኪን 12 ቦታ ብትከፍዪው አንዱ ብልት ለአንድ ሰፈር ይበቃል ብሎ ቀለደ። ቁጥር 26 ቆጣ ያሉ እናት ናቸው መሰለኝ። ታንክስጊቪንግ አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር 15 በኋላ ነው የሚውለው፣ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ተርኪውን ለማን ልትሠሪው ነው አሉ። በእነሱ 1997 ራሱ በኛ ኅዳር 18 ነበር የዋለው። ማርቪን የሞቱትን ተርኪዎች ጭኖ ሀገሩ ሲገባ ማንም በጾም ነው ብሎ አለመመለሱ ሌላው የካርቱኑ ስህተት ነው ብሎ ቁጥር 27 ተቀበላቸው። እሳቸው የሳቁ አይመስለኝም።

ቁጥር 28 ክሩን መልሶ መንገድ አስያዘው። የመጀመሪያ ሲዝኖች የሚባሉት የት ላይ ያበቃሉ? እሱ የሚቆርጠው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 ነው። ያኔ ነው የሴቶቹን ድምፅ አብዛኛውን ብቻዋን የምትሠራው ሜሪ ኬይ በርግማን የሞተችው። ከአራቱ ልጆች የአንዱ፣ የስታን፣ እናት ስታወራ ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት ናት፣ ጆሮ ያውቃል። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ሼፍም አለ። የሼፍን ድምፅ የሚሠራው ዘፋኙ አይዛክ ሄይዝ በዚያ ወፍራም ድምፁ ምክር ጀምሮ ዘፈን ውስጥ ሲጠፋ፣ ልጆቹ ከተማው ውስጥ የሚያምኑት አንድ ትልቅ ሰው እሱ ነበር። በ2006 ትቶ ሲሄድ ያ ወንበር ባዶ ቀረ። በዚያው በኅዳር 1999 ነው ማርቪን ሁለተኛ ጊዜ የመጣው። ይህን ክፍል ያየው ሰው ጥቂት ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የሚያውቁት። ማርቪን ወድቆ የተገኘ የጠፈር መንኮራኩር አስነስቶ ይበራል። ሚስዮናውያኑ ምግብ የሚሰጡት መጽሐፍ ቅዱስ ላጠና ነው፣ እሱ ሰለቸው። ሁሉም ነገር ማርክላር ተብሎ የሚጠራበት ፕላኔት ያገኛል፣ ሰዎቹን ጭኖ ይሄዳል። አንደኛው ላይ በፖስታ የመጣ ዕቃ ነበር፣ እዚህ ላይ መሪው በእጁ ነው ይላል ቁጥር 28።

እኔ እዚህ ላይ ከሱ ጋር ነኝ። ክፍሉን ስታዩት ማርቪን አሁንም ምላሱን እያንጣጣ ነው የሚያወራው። ግን ወዴት እንደሚሄድ የወሰነው እሱ ነው። የአንደኛውን ክፍል ቀልድ የሠሩት ሰዎች ሁለት ዓመት ቆይተው አንድ ነገር የገባቸው ይመስለኛል። አውቶቡሱ ላይ ግን የደረሰው የመጀመሪያው ነው። ስሙ ቀድሞ ወጥቷል።

ቁጥር 29 ላይ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመለሰ። ቁጥር 9ን ይቅርታ ጠየቀ። ስቄአለሁ ማለቴን አልሰርዘውም፣ ውሸት ይሆናል፣ ግን እኔ አዲስ አበባ በተቀዳ ሲዲ ነው ያየሁት፣ ማታ፣ ጓደኞቼ መሀል፣ ማንም ምላሱን አላጮኸብኝም አለ። ይህቺ የክሩ ምርጥ መልስ ሳትሆን አትቀርም፣ ልጁ ራሱ ግን አላወቀም፣ ወዲያው ሲዲው ስንት ብር እንደነበር ወደማስላት ገባ።

ቁጥር 30 ሲዲ ቤቱ የት ሰፈር እንደነበር ጠየቀ።

ቁጥር 31 ከአራት ቀን በኋላ የተጻፈ ነው። የሚኒሶታዋ ሴት ናት። ክሩን ካነበበች በኋላ ቅዳሜ እናቷ ቤት ሄዳ ክፍሉን ከፈተችላቸው። እናትየው እንግሊዝኛ ብዙም አይሄድላቸውም፣ የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ ነው ያዩት። ማርቪን ሲመጣ ቀና አሉና ልጁን ምን ነክቶት ነው የሚንጣጣው ብለው ጠየቁ፣ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ካልሲያቸው ተመለሱ። እሷ የሁለቱን ትሪ ነገር ልትነግራቸው አፏን ስታሟሽ የኬኒ ቤተሰብ ቆርቆሮውን ይዞ ቁጭ ያለበት ጋ ደረሰ። እናትየው ሳቁ። እስኪያነጥሳቸው ሳቁ። በ77 ወልዲያ እያሉ አንድ አላፊ ሾፌር ለቤታቸው አንድ ቆርቆሮ ሰጥቷቸው ሄደ። መክፈቻ ማን ያውቃል። ጽሑፉን የሚያነብ የለም። ሥጋ ይሁን ምን አልታወቀም፣ ጊዜው ደግሞ ጾም ነበር። ስለዚህ ቡፌ ላይ አስቀመጡት፣ ጾሙ እስኪፈታ ጠበቁ። በፋሲካ ጎረቤት ተጠርቶ በመጥረቢያ መታው። ውሃው ተረጭቶ የአያቷን ነጠላ አበላሸው። አናናስ ነበር።

የትሪውን ነገር አልነገረቻቸውም። ሌላ ጊዜ ብላለች።

ቁጥር 32 ያ ሾፌር ጋሼ ይሆኑ እንዴ ብሎ ቁጥር 16ን ጠራቸው። ቁጥር 33 እሳቸው ናቸው። እኔ የጫንኩት ስንዴ ብቻ ነው፣ አናናስ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም፣ ባገኝም ወልዲያ ድረስ አይደርስም ነበር አሉ።